ለሐሙስ አጥቢያ

«አንቺ ገደብ አይደለሽም፤ ምኞት ነሽ።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ ኦቦ ደበላ ናቸው። ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ላይ ባለ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የሽፍት ፕሮግራም የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ። ሌሊት አልገባም ብዬ ልጣላቸው ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነው እንዲህ ያሉኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ምኞት ያለኝ ግን አልነበረም።

ባለፈው መስከረም አረፉ። ለገጣፎ ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ዋጋ ስናገር እቴነሽ ደወለችልኝ። እቴነሽ ፋብሪካው ውስጥ አጠገቤ ቆማ ታሽግ የነበረች ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትችላለች፣ ግን አንቱታ ስለማትወድ አንቺ ነው የምላት።

«ኦቦ ደበላን ተጂ ቀበርናቸው» አለችኝ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ስልክሽ መች ይሠራል? አንቺስ ብትሆኚ መች አንድ ቦታ ትገኛለሽ?»

እውነቷን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ቡራዩ ዱቄት ፋብሪካ ገባሁ፤ ከዚያ ሱሉልታ ውሃ ማሸጊያ፤ ከዚያ ሰበታ። ሥራውን ስለምደው እግሬን ያሳክከኛል። ስሜ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ኦቦ ደበላ መጀመሪያ ስሜን ሲሰሙ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አዩኝና «ስም ያወጣልሽ ሰው አያውቅሽም ነበር» አሉ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ናቸው። ተጂ ተወልደው ያደጉ፣ እዚያው አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ። ማስተማር ሲያቆሙ ፋብሪካው ፕላኒንግ በሚሉት የዕቅድ ክፍል ቦታ ሰጣቸው። አስተማሪነቱ ግን አልለቀቃቸውም። ንግግር ሲጨርሱ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ያራግፋሉ፤ ጠመኔ የለም፣ እሳቸው ግን ያራግፉታል። እሱን ካደረጉ ወሬው አልቋል ማለት ነው፤ ብትለፈልፍ አይሰሙህም። ሰው ደግሞ የማይረባ ክርክር ሲያመጣባቸው «ተቀመጥ» ይላሉ። እኛ ጋ ማሸጊያ መስመሩ ላይ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ቆመን ነው የምንውለው። «ተቀመጪ» ሲባል ሁላችንም ዙሪያችንን እናይ ነበር።

ከእሳቸው በፊት ሽፍት የሚያወጣው ሱፐርቫይዘራችን ግርማ ነበር። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሰው ነው። የሚስቱ እህት ሌሊት ገብታ አታውቅም። አብረውት የሚስቁት እሁድ ያርፋሉ። እንደ እኔ ያለ አፈኛ ከሦስተኛው ሽፍት አይወጣም። ሦስተኛው ሽፍት ማታ አምስት ሰዓት ተገብቶ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚወጣበት ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሽፍት በኮምፒውተር ነው የሚወጣው ሲባል ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲለጠፍ ኮምፒውተሩም ሌሊት መደበኝ። ያን ቀን ነው ልጣላ የሄድኩት።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራም ከማውጣታቸው በፊት ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ የፀጉር መሸፈኛዋን አንድ ጆሯቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መስመሩ ላይ እየዞሩ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከኦሮሞዎቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፤ «አካም ቡልቴ» ብለው ጀምረው «ደኅና እደሪ» ብለው የሚጨርሱበትም ጊዜ ነበር። ጥያቄያቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ «መቼ መቼ አይሆንልሽም?» ይህን ሁሉም ሰው ይመልሳል፤ እንዲያውም አያቆምም። ሁለተኛው ላይ ነው ሰው የሚንተባተበው፦ «ከገባሽስ ምን ይመጣል?»

«የማጠባው ልጅ አለኝ፣ የሚይዝልኝ የለም» ካልሽ፣ ገደብ ብለው ይጽፋሉ። «ይከፋኛል»፣ «ጓደኞቼ እሁድ ነው የሚገናኙት» ካልሽ፣ ምኞት። ገደብ የተባለውን ኮምፒውተሩ አይነካውም። ምኞት የተባለውን ይመዝነዋል፤ በዚህ ሳምንት ምኞቷ የቀረባት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኗ ይከብዳል። «ገደብ ገደል ነው፤ አትገቢበትም። ምኞት ኮረብታ ነው፤ ይደክምሻል እንጂ ትወጪዋለሽ» ብለው ነበር ያስረዱን።

እኔን ሲጠይቁኝ «ሌሊት አልችልም» አልኩ።

«ከገባሽስ ምን ይመጣል?»

«እንቅልፍ ይመጣል።»

ጻፉ። ምን እንደጻፉ የገባኝ ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ያን ቀን ቢሯቸው በር ላይ ከተሳቀብኝ በኋላ ዝም ብዬ መመለስ አልቻልኩም። «እኔ ብሠራው ከዚህ ኮምፒውተር የተሻለ አወጣ ነበር» አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ያባርረኝ ነበር። እሳቸው ከብስኩት ካርቶን ላይ ቁርጥራጭ ቆርጠው፣ በያንዳንዱ ላይ የክፍላችንን ሰዎች ስም ጽፈው፣ ከነገደባቸው ሰጡኝ። «በይ አውጪው» አሉ። በምሳ ሰዓት ቢሯቸው ወለል ላይ ተቀምጬ ካርቶን ስደረድር እሳቸው ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይበሉ ነበር። ሰኞን ሳስተካክል ሐሙስ ይፈርሳል። ሐሙስን ስጠግን አንዷ ሌሊት አድራ በነጋታው ጠዋት ተመልሳ ትገባለች። አንዷን እሁድ አሳርፌ ደስ ሲለኝ ቅዳሜ ማታ ምድጃው ጋ የሚቆም ሰው የለም። የራሴን ስም ቀን ቀን አድርጌ ስጨርስ ሌሊቱ ሁሉ አንዲት የማላውቃት ልጅ ላይ ወድቋል።

«ይቺ ልጅ ምን አድርጋሽ ነው?» አሉ፣ አፋቸውን እየጠረጉ።

«አላውቃትም።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ካርቶኑን በታተንኩት። «ግርማ ይሻል ነበር» አልኩ፣ ተናድጄ።

ሳቁ፤ ረጅም ሳቅ ነው የሳቁት። «በአንድ ነገር ይሻላል። ግርማ ሰው ሲያስቀይም ያውቀዋል። ይሄ ዕቃ አያውቅም። ይቀንስልኝ ያልሽውን ነው የሚቀንስልሽ። የሰው ቁጥር ይቀነስ ብትዪው ያንን ይቀንሳል፤ ሌላው ቢሞትም አይገደውም።»

«እርስዎ ምን ይቀነስልኝ አሉት?»

«በጣም የተከፋችው ሰው መከፋት። የሁሉንም አይደለም፤ የእሷን። ሁሉንም ማስደሰት አልችልም ትዕግሥት። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ ግን ይቻላል።» ከዚያ መዳፋቸውን አራገፉ።

ከዚያ በኋላ የማሸጊያ ክፍል ሰዎች የሽፍት ተወካይ አድርገው መረጡኝ። ስለወደዱኝ አይደለም። «ለማንኛውም ገብታ መጨቃጨቋ አይቀርም፤ የእኛንም ይዛልን ትሂድ» ብለው ነው።

ለስላሳ ሰው አልነበሩም። ኩሩ ነበሩ። ስህተት ተገኘ የሚል ሰው ከመጣ «ኮምፒውተሩ አይሳሳትም» ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ነበሩ። ግርማ ደግሞ ሥልጣኑ የተወሰደበት ሰው ስለሆነ የሚሳሳቱበትን ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ቀኑ የመጣው በእቴነሽ ነው።

እቴነሽ የሚጥል በሽታ ያለባት ትልቅ ልጅ አላት። ሌሊት ነው የሚነሳባት፤ ብቻዋን መተው አይቻልም። ባሏ አንድ መጋዘን ውስጥ ጥበቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት እሱ ተረኛ ነው። ሌላውን ቀን እሱ ቤት ስለሚያድር እሷ ሌሊት መግባት አይከብዳትም። ኦቦ ደበላ ሲጠይቋት «ሐሙስ ሌሊት ብቻ አይሆንልኝም» አለቻቸው። ከገባሽስ ሲሏት የልጅቷን ነገር ነገረቻቸው። ገደብ ብለው ጻፉ፤ አልተከራከሯትም።

ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ሐሙስ ነፃ ናት። ረቡዕ ማታ ግን አምስት ሰዓት ትገባለች ይላል።

ግርማ ጋ ሄደች። ግርማ «እኔን ተይኝ፤ ኮምፒውተሩን ጠይቂ» አላት። እንደ እኔ ፎቅ ወጥታ የምትጨቃጨቅ ሰው አይደለችም። ዝም ብላ ቤቷ ሄደች፣ ረቡዕ ሌሊት ከልጇ ጋር አደረች። ከዚያ በፊት ልጅቷ ሆስፒታል ስትገባ ከሥራ ስለቀረች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ አንድ ጊዜ ከቀረች ስንብት ነው። ሐሙስ ጠዋት ግርማ ቀሪ አድርጎ ሪፖርት አደረገ። አርብ ላይ የእቴነሽ ስንብት ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ እኛ ጋ ደረሰ።

«ለምን ኦቦ ደበላን አላነጋገርሽም?» አልኳት።

ካርቶኑን እያጠፈች «እሺ ብለውኝ ነበር እኮ። በአፋቸው እሺ ብለው የከዱኝን ሰው ምን ብዬ ልለምን?» አለችኝ። እያለቀሰች አልነበረም። ፊቷ ግን ተኝታ እንዳላደረች ያሳብቃል። የቤቱ ኪራይም የልጅቷ መድኃኒትም በእሷ ትከሻ ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሄድኩ። በሩን አላንኳኳሁም። ኦቦ ደበላ ነገሩን ሰምተዋል፤ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

«ሐሙስ አለች። ሐሙስ ሰጠኋት። ይኸው» አሉ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው።

«ሐሙስ ሌሊት ነው ያለችዎት።»

«ሐሙስ ሌሊት ነፃ ናት። የቀረችው ረቡዕ ሌሊት ነው።»

«ረቡዕ ማታ አምስት ሰዓት የገባ ሰው የየትኛውን ቀን ሌሊት ነው የሚሠራው?»

«የረቡዕን። ሽፍት በተጀመረበት ቀን ነው የሚቆጠረው።»

«ማን ጋ?»

«ኮምፒውተሩ ጋ።»

«እቴነሽ ጋ ሌሊት የሚቆጠረው በሚነጋለት ቀን ነው። ለሐሙስ አጥቢያ ማለቷ ነው።»

«ተቀመጪ» አሉኝ። ቢሮው ውስጥ ወንበር ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ክረምቱ ላይ እናታቸው ሞተው ተጂ ለቅሶ ሄደን ነበር። እሱ ትዝ አለኝ።

«ኦቦ ደበላ፣ እናትዎ መቼ ነው ያረፉት?»

ጥያቄው አስደነገጣቸው፤ ግን መለሱ። «ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ።»

«ያ ሌሊት ሽፍት ቢሆን ኖሮስ የየትኛው ቀን ብለው ይጽፉት ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አርብ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። «አርብ ብዬ እጽፍ ነበር።»

ከዚያ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ መስመሩ ወረዱ። ብስኩቱ እየመጣ፣ እጃችን እየሠራ፣ በየሰዉ አጠገብ እየቆሙ እንደገና ጠየቁ። «ሐሙስ ሌሊት ስትዪ ወደ ሐሙስ የሚነጋው ነው ወይስ ሐሙስ ሲመሽ የሚጀምረው?» ቤተ ክርስቲያን ዘውታሪዎቹ «የሚነጋው» አሉ። ስልክ የማይለያቸው ልጆች «የሚመሸው» አሉ። አንዷ «በኦሮምኛ ከጠየቁኝ አንድ ነው፣ በአማርኛ ከጠየቁኝ ሌላ» አለችና እሷንም መልሷ አሳቃት። ምድጃው ጋ የሚቆመው ሰውዬ ደግሞ «ሌሊት ሌሊት ነው ኦቦ ደበላ፣ ስም የለውም» አላቸው። እሳቸው አልሳቁም። ምን ያህል ሰው ሳያውቁት በተሳሳተ ሌሊት ሲመድቡ እንደቆዩ እየገባቸው ነበር። ሌላው ሰው እርስ በርሱ እየተለዋወጠ አልፎታል፤ መለዋወጥ ያልቻለችው እቴነሽ ናት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራን። ወጣት ነው፣ ፈጠን ፈጠን ያለ፤ ሲናገር እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል። እሱ፣ ግርማ፣ ኦቦ ደበላና እኔ ገባን። እቴነሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«አቶ ደበላ፣ ሲስተሙ አይሳሳትም ብለውኝ ነበር» አለ።

«ሲስተሙ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ተማሪ ስቀጣ ኖሬ፣ እኔው ሳላነብ መለስኩ።»

«ቢሆንም ቀርታለች» አለ ግርማ።

«አዎ ቀርታለች። እንዳትገባ የተስማማሁላት እኔ ነኝ። የሚቀጣ ካለ ከእኔ ይጀመር።»

ግርማ ይህን አልጠበቀም። ሲጠብቀው የነበረው ስህተት በእጁ ገብቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ይዞት ሲቀርብ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክር ቆየና «እንግዲያው ይሄ ሁሉ መጠይቅ ይቅር። በሰው ቁጥር ብቻ ይውጣ፤ ሕጉ ያዘዘው ዕረፍት ይጠበቅ፣ በቃ» አለ።

«ይቻላል» አሉ ኦቦ ደበላ። «እንዲያውም ይቀለኛል። ግን ማን እንደሚቀር ኮምፒውተሩ አይነግርዎትም። ጠዋት መስመሩ ሲቆም ነው የሚያውቁት።»

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ስንብቱ ይቅር አለ፤ ግን አንድ ነገር አሰረበት። ረቡዕ ማታ መስመሩ ላይ ሰው መጉደል የለበትም። ከጎደለ እቴነሽ ትገባለች፤ ካልገባች ትሰናበታለች። ተስማማን። ኮሪደሩ ላይ ስነግራት «ረቡዕን ማን ይሞላዋል?» ነው ያለችኝ። ደስታ አልነበረም።

ልክ ነበረች። ኦቦ ደበላ የሁሉንም ሌሊት አስተካክለው አስገቡና ሲያስነሱት ኮምፒውተሩ መልስ የለም አለ። ደግመው አስነሱት፤ መልስ የለም። «ይሄም መልስ ነው» አሉኝ። «ሁላችሁም እውነታችሁን ነው የነገራችሁኝ። እውነቱ ሲደመር ረቡዕ ላይ አንድ ሰው ይጎድላል።» መስመሩ ላይ ወርደው ፈቃደኛ ጠየቁ። ሁሉም ብስኩቱን አቀርቅሮ ማየት ጀመረ። እኔም አቀረቀርኩ።

ሰኞ ፕሮግራሙ ተለጠፈ። ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሽፍት፣ ከስሞቹ መጨረሻ ላይ «ደበላ» ይላል። የጽሕፈት ስህተት መሰለን።

ስህተት አልነበረም። ረቡዕ ማታ አምስት ሰዓት የፀጉር መሸፈኛዋን አንድ ጆሯቸው ላይ አንጠልጥለው መጡና አጠገቤ ቆሙ፤ ያን ሰሞን ረቡዕ ሌሊት የእኔም ተራ ነበር። እንደሳቸው ያለ ደካማ አሻጊ አይቼ አላውቅም። ካርቶኑን ገልብጠው ያጥፉታል። የማሸጊያ ስኮቹን ጫፍ ሲፈልጉ ብስኩቱ ተከምሮ ይወድቃል። ሕይወታቸውን ሙሉ በቀስታ ሲያስረዱ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ መስመሩ ደግሞ አይጠብቅም።

«ኦቦ ደበላ፣ ይሄ ነገር ገደብ ነው ምኞት?» አለቻቸው አንዷ ከወዲያ ማዶ።

«ተቀመጪ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ሌሊቱ በሳቅ ነጋ።

ሲነጋ ግን ጫማቸው እግራቸው ላይ ጠቦ ነበር፤ ስኳር በሽታ አለባቸው። በር ላይ ድንጋይ ተደግፈው ክራቫታቸውን ሲያስተካክሉ አየኋቸው፤ ተመልሰው ቢሮ ሊገቡ ነው። የሚቀጥለው ረቡዕም መጡ። የሚቀጥለውም።

ከዚያ በኋላ ቢሯቸው ሄጄ «ተራዬ ቢያልቅም ረቡዕን አልለቅም፤ የእርስዎን ቦታ በፈቃዴ እኔ እይዘዋለሁ፤ ሌላ ሌሊቴን ለሰው ይስጡልኝ» አልኳቸው። ደግ ስለሆንኩ አልነበረም። የገለበጡትን ካርቶን ሌሊቱን ሙሉ የማቀናው እኔ ነበርኩ፤ ሰለቸኝ። እግራቸውን ማየትም አልፈለግኩም።

«እስከ መቼ?» አሉ።

«እስካለሁ ድረስ።»

«አንቺ ብዙ አትቆዪም።»

«አልቆይም።»

ጻፉ። እቴነሽ ያንን ሳምንት ሙሉ ምሳዋን እያካፈለች አንጀቴን አቃጠለችው፤ ተይ ብላት አትተውም።

ወራት አለፉ። በጋው መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ፤ ለገጣፎ አዲስ የሚከፈት ሴራሚክ ሱቅ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ቀን ብቻ፣ በቅርቡ ጀምሪ። ከቡራዩ ስወጣ አንድ ቀን አላሰብኩም። ከሱሉልታ ስወጣ ምሳዬን እንኳ አልጨረስኩም። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ረቡዕን ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ከወጣሁ ረቡዕ ይጎድላል፤ ረቡዕ ከጎደለ እቴነሽ ወይ ልጇን ብቻዋን ትታ ትገባለች ወይ ትሰናበታለች። ወይ ደግሞ እኚያ ሽማግሌ በዚያ እግራቸው ይመጣሉ። የገዛ እግሬን በሌላ ሰው ልጅ በሽታ ያሰሩኝ መሰለኝ። እቴነሽ ላይ ተናደድኩ፤ ምንም አላደረገችኝም። የአክስቴ ልጅ ደጋግማ ስትደውል ስልኬን ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ኦቦ ደበላ አንድ ቀን መስመሩ ላይ ሲያልፉ ቆሙ። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ካርቶን አይደበድብም።» አለፉ።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ቢሯቸው ተዘጋ። የት እንደሄዱ የነገረችኝ እቴነሽ ናት፤ ከባሏ ሰምታ። ባሏ የሚጠብቅበት መጋዘን ሄደው ነው። የጥበቃዎቹን ኃላፊ፣ አንድ የድሮ ወታደር፣ ፈልገው አገኙት። ሰውዬው ተራ የሚያወጣው በጭንቅላቱ ነው፤ ማን መቼ እንደሚያድር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ኦቦ ደበላ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረውት ተቀምጠው፣ በዱላ አፈር ላይ መስመር እያሰመሩ፣ ሁለቱን ጥያቄያቸውን ጠየቁት። የእቴነሽ ባል ለምን ረቡዕ ማታ? ሌላው ጥበቃ ረቡዕ ማረፍ ስለሚፈልግ። ካላረፈስ ምን ይመጣል? የአውሮፓ ኳስ ያመልጠዋል።

«ለኳስ ብሎ ነው?» አልኳት እቴነሽን።

«ለኳስ ነው እንጂ። እኔ ስንት ጊዜ ከባሌ ጋር ለምን አታስቀይርም ብዬ ተጣልቻለሁ፣ አይሆንም ይለኝ ነበር። አፍሮ እኮ ነው፤ ጠይቆት አያውቅም።»

ኃላፊው የባሏን ሌሊት ከሌላ ቀን ጋር አለዋውጦላቸው መጡ። እንዲያውም ሲለያዩ ሰውዬው የራሱን የተራ ነገር አማክሯቸው ነበር አሉ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሽፍት ስወጣ ጠሩኝ። ቢሯቸው ገባሁ። ይህን ሁሉ ስለ እቴነሽ የደከሙ ስለመሰለኝ «እግዜር ይስጥልን፣ ሰማሁ» አልኳቸው።

«የእኛ ገደብ የተፈለፈለው እነሱ ጋ ነው» አሉ። «እዚያ ምኞት ነበር። መንገዱን ተሻግሮ እኛ ጋ ሲደርስ ገደብ ሆነ። እስከ ዛሬ የራሳችንን ግቢ ብቻ ነበር የማየው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ስልክሽ ሲጮህ ታጠፊዋለሽ። ሥራ የሚያመጣ ስልክ ነው እንደዚያ የሚጠፋው፤ የወንድ ከሆነ ወጥተሽ ታነሺው ነበር።»

«ሰኞ ነው የሚፈልጉኝ» አልኩ። «ግን አልወሰንኩም።»

ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞሩት። የክፍላችን ስሞች ተደርድረዋል፤ የእኔን ፈልገው አገኙና አጠፉት። እቴነሽ ጋ ሐሙስ ሌሊት የሚለውን ፈትተው በምትኩ ባሏ አሁን ተረኛ የሚሆንበትን ሌሊት ገደብ ብለው አስገቡ። አንድ ጣታቸውን አንስተው አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ከታች የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ የሁለተኛው ሽፍት ሰዎች እየገቡ ይጫጫሉ። ክቧ ትሽከረከራለች። መልስ የለም ካለ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እሳቸውም አያውቁም መሰለኝ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ክቧ ቆመች። ሰንጠረዡ ከላይ ወደ ታች ሞላ። ረቡዕን ፈለግኩ። ሦስተኛ ሽፍት፣ እቴነሽ። የኦቦ ደበላ ስም የትም የለም።

«መልስ አለው» አሉ።

«ያለ እኔ?»

«ያለ አንቺ።»

ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ደረጃውን ወረድኩ። በሩ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ እየተጣራ ነበር፤ ገባሁና ሄድኩ።